የአንድ ቲሸርት መንገድ፦ ግሎባላይዜሽን በአገሮች ላይ ያመጣውን ለውጥ እንዴት እንደምታጠኑ

ተማሪዎቼ «ግሎባላይዜሽን በተለያዩ አገሮች ላይ ያለው ኢኮኖሚያዊ፣ ማኅበራዊና አካባቢያዊ ተጽዕኖ» የሚል የጽሑፍ ሥራ ሲሰጣቸው አብዛኞቹ የሚያመጡልኝ አንድ ዓይነት ወረቀት ነው። በግራ በኩል «ጥቅሞች»፣ በቀኝ በኩል «ጉዳቶች»። የሥራ ዕድል ይፈጥራል፣ ቴክኖሎጂ ያሸጋግራል፤ ባህል ያጠፋል፣ አካባቢ ይበክላል። የትኛው አገር ውስጥ? የማን ሥራ? የትኛው ወንዝ? ወረቀቱ ላይ የለም። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ማንም ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ ይጽፈዋል፤ አንብቦም የሚማርበት የለም።

ሐዋሳ ላይ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከክፍሌ ወጥተው በቀጥታ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የገቡ፣ ከዚያም የተመለሱ ልጆች አሉኝ። ስለዚህ ይህ ርዕስ ለእኔ የፈተና ርዕስ ብቻ አይደለም። በደንብ እንዲጠና እፈልጋለሁ። የምመክረው ዘዴ ቀላል ነው፦ አንድ ዕቃ ምረጡና ከተነሣበት እስከሚጣልበት ድረስ ተከተሉት። እኔ ቲሸርት እመርጣለሁ፤ ሁሉም ቤት አለ፣ መንገዱም ረጅም ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመለያው ጀምሩ

ቲሸርቱን ገልብጡት። አንገቱ ላይ ወይም በጎን ስፌቱ ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ፈልጉ። ሦስት ነገር ታገኛላችሁ። አንደኛው የአገር ስም ነው። ሁለተኛው ጥጡ ስንት ከመቶ፣ ፖሊስተሩ ስንት ከመቶ እንደሆነ የሚናገረው ነው። ሦስተኛው የአጣጠብ ምልክቶቹ ናቸው፤ እነሱን እለፏቸው። ልብሱ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ «አር ኤን» ከሚሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች ቀጥሎ ቁጥር ይኖራል። ይህ ቁጥር አስመጪው ወይም ሻጩ ድርጅት አሜሪካ የተመዘገበበት ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ የድርጅቱን ስም ማግኘት ትችላላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። መለያው ላይ ያለው አገር ብዙውን ጊዜ ልብሱ የተሰፋበት ነው። ጥጡ የት እንደበቀለ፣ ክሩ የት እንደተፈተለ፣ ጨርቁ የት ቀለም እንደተነከረ፣ ትእዛዙን ማን እንደሰጠ አይናገርም። «ባንግላዴሽ የተሠራ» የሚል ቲሸርት ጥጡ ከአሜሪካ ወይም ከህንድ፣ ፖሊስተሩ ደግሞ ከነዳጅ ዘይት የመጣ ሊሆን ይችላል። ፖሊስተር ከበዛበት የመጀመሪያው ጣቢያችሁ እርሻ መሆኑ ቀርቶ የነዳጅ ጉድጓድ ይሆናል ማለት ነው።

ቀጥላችሁ ወረቀት ላይ መንገዱን ሣሉ፦ ጥጥ ማብቀል፣ መዳመጥ፣ መፍተል፣ ጨርቅ መሥራት፣ ማቅለም፣ መቁረጥና መስፋት፣ መርከብ፣ ሱቅ፣ ልባሽ ጨርቅ። በእያንዳንዱ ጣቢያ ሥር ሦስት ጥያቄ ጻፉ፦ ማን አተረፈ? ማን ከፈለ? ማን ወሰነ? ተማሪዎች ሁለቱን ይመልሱና ሦስተኛውን ይረሱታል። እኔ ግን ከሦስቱ የምወደው እሱን ነው፤ ወሳኙና ከፋዩ አንድ አገር ውስጥ የሚኖሩት አልፎ አልፎ ብቻ ነውና።

ጥጡ ጋ ሳትቸኩሉ ቁሙ

ስለ ጥጥና አካባቢ የሚጽፍ ሁሉ የአራል ባሕርን ያነሣል፤ ማንሣትም አለበት። በካዛኪስታንና በኡዝቤኪስታን መካከል ያለው ይህ ሐይቅ እስከ 1960 ድረስ በስፋቱ ከዓለም አራተኛ ነበር፤ ወደ 68,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍን ነበር። የሚመግቡት ሁለቱ ወንዞች፣ አሙ ዳርያና ሲር ዳርያ፣ ወደ ጥጥ እርሻ ተጠለፉ። ዛሬ የቀረው ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ነው። ሞይናክ የምትባለው የዓሣ አጥማጆች ወደብ ውኃው ርቋት ሄዶ መርከቦቿ አሸዋ ላይ ተቀምጠዋል። ከደረቀው ወለል የሚነሣው ጨውና ፀረ ተባይ የተቀላቀለበት አቧራ የአካባቢውን ሰው ጤና ጎድቷል።

ታዲያ ይህ የግሎባላይዜሽን ጉዳት ነው? ወንዞቹን የጠለፈው የሶቪየት ኅብረት ማዕከላዊ ዕቅድ ነው። ውሳኔው የሞስኮ እንጂ የዓለም ገበያ አልነበረም። ሁሉንም ጥፋት ለግሎባላይዜሽን የሚያሸክም ጽሑፍ እውነቱን ያጣል። ሶቪየት ከፈረሰ በኋላ ግን ኡዝቤኪስታን ጥጡን ለዓለም ገበያ መሸጥ ቀጠለች፤ በየመከሩ መንግሥት መምህራንን፣ የጤና ሠራተኞችን፣ ተማሪዎችን ሳይቀር ለለቀማ ያስገድድ ነበር። ይህን የተቃወሙ ከ300 በላይ የልብስ ኩባንያዎች የኡዝቤክ ጥጥ አንገዛም ብለው ፈረሙ። መንግሥት ሥርዓቱን ካስቀረ በኋላ በ2022 ዓ.ም. እገዳው ተነሣ። እንግዲህ በአንድ አገር፣ በአንድ ሰብል፣ ሐይቁን ያደረቀው የአገር ውስጥ ውሳኔ ሆኖ የግዳጅ ሥራውን ለማስቆም የረዳው የዓለም ገበያ ጫና ነው። «ጥቅሞችና ጉዳቶች» የሚለው ሠንጠረዥ ይህንን የት ያስገባዋል?

ሌላው የጥጥ ታሪክ የዋጋ ነው። አሜሪካ ለጥጥ ገበሬዎቿ የምትሰጠው ድጎማ የዓለምን ዋጋ ያወርዳል ብላ ብራዚል በ2002 ዓ.ም. በዓለም ንግድ ድርጅት ከሰሰች፤ ረታች። ጉዳዩ የተዘጋው በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ 300 ሚሊዮን ዶላር ልትከፍል ተስማምታ ነው። ቤኒን፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ቻድና ማሊ ግን ያንኑ አቤቱታ በ2003 ዓ.ም. ይዘው ቀርበው የብራዚልን ያህል አልተካሱም። ብራዚል ጠበቃ የምታቆምበት አቅም ነበራት፣ አጸፋ የምትመታበት ገበያም ነበራት። የቡርኪና ፋሶ ገበሬ ይህ የለውም። ነጻ ንግድ ነጻ የሚሆነው ለማን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ከዚህ ይጀምር።

ስለ ውኃ ቁጥር ደግሞ፦ አንድ የጥጥ ቲሸርት ለመሥራት 2,700 ሊትር ውኃ ይፈጃል የሚለውን በየቦታው ታገኙታላችሁ። ጥቀሱት፣ ግን አማካይ መሆኑን ጻፉ። በዝናብ የሚበቅል ጥጥና በመስኖ በረሃ ላይ የሚበቅል ጥጥ ሊትሩ ቢቀራረብም ጉዳቱ አንድ አይደለም።

ስፌቱ፦ ባንግላዴሽ

ቲሸርታችሁ እዚህ የተሰፋ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። መነሻውን ሳታውቁ ከዚህ በታች ወደማነሣው የፋብሪካ ሕንፃ መደርመስ አትዝለሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ባንግላዴሽ ወደ ውጭ የምትልከው በዋናነት ጁት (ጆንያ የሚሠራበት የተክል ቃጫ) ነበር። በዚያን ጊዜ ሀብታም አገሮች ከእያንዳንዱ አገር የሚገባውን ልብስ በኮታ ገድበው ነበር። ኮታው ጠብቦት የነበረው የደቡብ ኮሪያው ዴዉ ኮታ ያልተጣለባት አገር ፈለገ፤ ደሽ ከሚባል የባንግላዴሽ ድርጅት ጋር ተስማማ፤ 130 የሚሆኑ ሠራተኞች ኮሪያ ሄደው ሠለጠኑ። ከተመለሱት አብዛኞቹ በኋላ ወጥተው የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ ወይም ሌላ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ዕውቀቱ የተሰራጨው እንዲህ ነው። ዛሬ ወደ 4 ሚሊዮን ሰው በዘርፉ ይሠራል፣ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ አገሪቱ ወደ ውጭ ከምትልከው ከመቶ 80 በላይ የሚሆነው ልብስ ነው። ገጠር ቀርታ በልጅነቷ ልትዳር የነበረች ልጅ ዳካ ገብታ የራሷን ደሞዝ ስትቀበል የጋብቻ ዕድሜ ይዘገያል፣ ታናናሽ እህቶችም ትምህርት ቤት ይቆያሉ። ይህን ሳትጽፉ የባንግላዴሽን ሴቶች ተጎጂ ብቻ አድርጋችሁ ብታቀርቧቸው ትበድሏቸዋላችሁ።

ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ሳቫር በሚባለው የዳካ ዳርቻ ራና ፕላዛ የተባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደረመሰ። 1,134 ሰዎች ሞቱ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ ተማሪዎቼ እንዲይዙልኝ የምፈልገው ከአደጋው በፊት ያለውን ቀን ነው። ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ታይቶ ነበር። ታች ያለው ባንክና ሱቆቹ ሠራተኞቻቸውን አስወጡ። በማግስቱ ጠዋት የልብስ ሠራተኞቹ ግን ግቡ ተባሉ። ለምን? ትእዛዝ የሚደርስበት ቀን ነበረው፤ የዘገየ ፋብሪካ ቅጣት ይከፍላል ወይም ደንበኛውን ያጣል። የሕንፃው ባለቤት ያለ ፈቃድ ፎቅ ጨምሯል፤ የመንግሥት ቁጥጥር ላልቷል፤ ገዢዎቹ ደግሞ በርካሽና በፍጥነት ይፈልጋሉ። ሦስቱም ወሳኞች ናቸው፤ በጽሑፋችሁ ውስጥ ሦስቱንም ለየብቻ አስቀምጧቸው።

ከአደጋው በኋላ ከ200 በላይ ብራንዶችና የሠራተኛ ማኅበራት ፍርድ ቤት የሚያስከብረው የሕንፃና የእሳት ደኅንነት ስምምነት ፈረሙ፤ ፋብሪካዎች እየተፈተሹ ተጠገኑ፣ አንዳንዶቹም ተዘጉ። ዝቅተኛው ደሞዝ በዚያው ዓመት ከ3,000 ወደ 5,300 ታካ (የባንግላዴሽ ገንዘብ)፣ በ2023 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ወደ 12,500 ታካ አደገ። የዳካ ወንዞች ቡሪጋንጋና ቱራግ ግን አሁንም ጥቁር ናቸው። ለሕንፃው ውል የፈረመው ገዢ ለወንዙ አልፈረመም።

ወደ ቤታችሁ ኑ

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. ተመረቀ። ሲሲኢሲሲ የተባለው የቻይና የግንባታ ድርጅት በወራት ውስጥ ገነባው፤ ወጪው ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች ሌሎች ፋብሪካዎችን የሚስበው ዋና ድርጅት ሆነ። ከሲዳማና ከወላይታ ገጠሮች የመጡ ወጣት ሴቶች ሼዶቹን ሞሉ፤ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር።

ዋናው መስህብ አጎዋ ነበር፤ ከአፍሪካ የሚሄድ ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት ሕግ። ይህ ሕግ ድሃ አገሮች ጨርቁን ከየትም አገር አስገብተው እንዲሰፉ ይፈቅድ ነበር። ስለዚህ ጨርቁ ከእስያ በጅቡቲ በኩል ይገባ፣ እዚህ ተቆርጦ ይሰፋ፣ በዚያው መንገድ ይወጣ ነበር። የአዋሽ ሸለቆ ጥጥ አምራች እዚህ መስመር ውስጥ አልነበረም። እኛ የምንሸጠው በዋናነት የእጅ ጉልበት ነበር። የስንት ብር ጉልበት? በ2019 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል ያወጣው ጥናት የኢትዮጵያን መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ሲለው የባንግላዴሽን 95፣ የኬንያን 207፣ የቻይናን 326 ብሎ አስቀምጧል። ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደሞዝ ኢትዮጵያ ውስጥ አልነበረም።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የደሞዝ ወረቀቷን አሳይታኛለች። መሠረታዊ ደሞዝ፣ የትርፍ ሰዓት፣ ከሥራ ሳትቀር ስትገኝ የሚጨመር የአቴንዳንስ ጉርሻ፣ የ7 ከመቶ የጡረታ ቅናሽ። አንድ ቀን ታማ ብትቀር ጉርሻው በሙሉ ይቀራል፤ ስለዚህ ትኩሳት ይዟት ሰርቪስ ትጠብቃለች። ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ትኖር ነበር። «ሥራውን ለምጄዋለሁ ቲቸር፣ ያቃተኝ ኪራዩ ነው» ትለኝ ነበር። ፓርኩ ሲከፈት ኪራይ ጨመረ፤ የጨመረው ገንዘብ ለአከራዮቹ ገባ። አከራዮቹም የሐዋሳ ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም መካከል በዚያ ገንዘብ ልጅ ያስተማረ አለ። ያችው ልጅ ከዚያች ደሞዝ ቆጥባ ለታናሽ ወንድሟ ደብተርና ዩኒፎርም ትገዛ ነበር። ሁለቱንም ጻፉ።

ኅዳር 2021 ፒቪኤች ወጣ። ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመውን የመብት ጥሰት ምክንያት አድርጋ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከሥራ ውጪ ሆኑ። ጦርነቱን አላወጁም፣ የአሜሪካን ሕግ አላወጡም፤ ማን ወሰነ፣ ማን ከፈለ የሚለው ጥያቄ እንደዚህ ጥርት ብሎ የሚታይበት ቦታ እኔ አላውቅም።

ስለ አካባቢው ስትጽፉ ደግሞ የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ እንደሌለው አስታውሱ። በጥቁር ውኃ ወንዝ በኩል የገባ ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል። ፓርኩ ፈሳሽ ቆሻሻውን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምበት ማጣሪያ ያለው ሆኖ የተሠራው ለዚህም ጭምር ነው። ከቡሪጋንጋ ጋር አነጻጽሩት፤ በዕቅድ የተጀመረና ሳይታሰብበት የተስፋፋ ኢንዱስትሪ ልዩነታቸው እዚህ ላይ ይታያል።

ሀብታም አገርም ይከፍላል

ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ካናፖሊስ የምትባል ከተማ አለች፤ የተቆረቆረችው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዙሪያ ነው። ሐምሌ 2003 የፋብሪካው ባለቤት የነበረው ፒሎቴክስ ሲዘጋ በአንድ ቀን ከ4,000 በላይ ሰው ሥራ አጣ። ቻይና የዓለም ንግድ ድርጅትን የተቀላቀለችው ታኅሣሥ 2001 ነው፤ የልብስ ኮታው በሙሉ የተነሣው ደግሞ በ2005 ዓ.ም.። አሜሪካዊው ሸማች ልብስ ረከሰለት፤ የካናፖሊስ ሠራተኛ ግን የረከሰውን ልብስ የሚገዛበት ደሞዝ አልነበረውም። አገርን በአማካይ ብቻ የሚያይ ጽሑፍ ይህን አያሳይም፤ ከአገር ወረድ ብላችሁ ከተማ ፈልጉ።

የተጣለው የት ይደርሳል?

አውሮፓና አሜሪካ የሚለገሰው ልብስ ብዙው ተሸጦ እንደገና ይጓዛል። በጋና ዋና ከተማ በአክራ ያለው የካንታማንቶ ገበያ ከዓለም ትልልቅ የልባሽ ጨርቅ ገበያዎች አንዱ ነው፤ ሺዎች በመሸጥ፣ በመጠገን፣ በመሸከም ይተዳደሩበታል። ቦንዳው ሲፈታ የማይሸጠው ደግሞ የከተማዋን ቱቦና የባሕር ዳርቻ ይሞላል። ነጋዴው ቦንዳውን የሚገዛው ሳያየው ነው፤ ኪሳራው የእሱ፣ ቆሻሻው የአክራ።

አይገባም ማለትስ ይቻላል? የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች በ2016 ዓ.ም. ልባሽ ጨርቅን ደረጃ በደረጃ ለማስቀረት ተስማሙ። የአሜሪካ ነጋዴዎች አቤት አሉ። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ወደኋላ አሉ። ሩዋንዳ ግን በኪሎ 0.20 ዶላር የነበረውን ቀረጥ ወደ 2.50 ዶላር አሳድጋ ጸናች፤ በ2018 ዓ.ም. ከአጎዋ የልብስ ጥቅም ታገደች። የሩዋንዳ የልብስ ኤክስፖርት ትንሽ ስለነበር መቆም ቀለላት። ኬንያ ብዙ የምታጣው ነበራት። እኛ አገር ደግሞ ልባሽ ጨርቅ ማስገባት የተከለከለ ነው፤ ሰልባጅ ግን በየገበያው አለ። ገበያ ሄዳችሁ ዋጋውን ከአገር ውስጥ ስፌት ጋር አወዳድሩ።

ሰው ስትጠይቁ

የፓርክ ሠራተኛን በር ላይ አትያዙ፤ እሑድ፣ ቤቷ፣ ፈቅዳ። ስሟን አትጻፉ፣ የደሞዝ ወረቀቷን ፎቶ አታንሡ። «ተጎድተሻል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይህ መልሱን ይዞ የመጣ ጥያቄ ነው። «ከዚህ በፊት ምን ትሠሪ ነበር? ባትገቢ ኖሮ ዛሬ የት ትሆኚ ነበር?» በሏት። እናቷ ካሉ «እማማ፣ ልጅዎ ሥራ ከገባች ወዲህ ቤት ውስጥ ምን ተለወጠ?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም ብላችሁ ስሙ። ልብስ ሰፊውን ጋሼንም አትርሱ፤ በማሽን የታተመ የቻይና ጥለት ከመጣ ወዲህ ሸማኔና ሰፊ ምን እንዳጡና ምን እንዳገኙ ከእሳቸው የተሻለ የሚነግራችሁ የለም።

ስትጽፉ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ቦታ፣ ዓመትና ሰው ይኑረው። «ግሎባላይዜሽን የሥራ ዕድል ይፈጥራል» የሚለውን ሰርዙና «ሐዋሳ ላይ በ2019 ዓ.ም. የገጠር ልጅ በወር 26 ዶላር መነሻ ተቀጠረች፤ በ2022 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ በተወሰነ ውሳኔ ሥራዋን አጣች» በሉ። የመጀመሪያውን ማንም አይከራከራችሁም። ሁለተኛው ግን ያከራክራል፣ ክፍል ውስጥም የምፈልገው እሱን ነው።

ቲሸርት ያልጣማችሁ ሌላ ዕቃ መምረጥ ትችላላችሁ። ቡና የመረጠ ዋጋው ኒውዮርክ ላይ እንዴት እንደሚወሰን ሳይረዳ ሲዳማ ገበሬ ጋ አይሂድ። ጽጌረዳ የመረጠ ባቱ ሄዶ ሐይቁን ይይ፣ ከዚያ አበባው የሚሸጥበትን የሆላንድ ጨረታ ያንብብ። ሞባይል የመረጠ በኮንጎ ኮባልት ይጀምር፤ መንገዱ ከሁሉም ይረዝማል፣ ስለዚህ ለሁለት ለሦስት ሆናችሁ ጣቢያዎቹን ተካፈሉት።